የአባቴ ጆሮና የአቶ ጥላዬ ማጣሪያ

ልጄ ዮናስ ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከእኔ ቁመት የማይተናነሱ ሁለት ስፒከሮች መኪናው ላይ ጭኖ መጣ። ለእኔ ነው አለ። እኔ የምሰማው የጧት ዜናና መዝሙር ነው፤ ለዚያም ትንሿ ሬዲዮኔ አንሳኝ አታውቅም። ቢሆንም ልጅ ያመጣውን አልፈልግም አይባልምና ሳሎኑን ለቀቅሁለት። ሶፋዬ ተገፋ፤ የአበባ ማስቀመጫዬ ወጥ ቤት ተሰደደ፤ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ገመድ እየተራመድሁ ሻይ አፈላሁለት።

ሁሉንም ቀጣጥሎ ሲያበቃ ከካርቶን ውስጥ አንድ ጥቁር የብረት ሳጥን አወጣ። መብራት የሚያጣራ ነው አለኝ። በግድግዳችን የሚመጣው መብራት ቆሻሻ ነው፤ በዚህ ሳጥን በኩል አልፎ ሲጸዳ ድምፁም አብሮ ይጸዳል። እንደ ዋጋውማ ከሆነ ነፍስንም ሳያጸዳ አይቀርም። ያንኑ መዝሙር አንዴ በሳጥኑ፣ አንዴ ያለ ሳጥኑ አሰማኝና ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ።

«ይለያል አይደል፣ እማዬ?»

«ለእኔ አንድ ነው» አልሁት።

ሳቀብኝ። «ጆሮሽ ደክሟል ማለት ነው። አያቴ ቢኖሩ ኖሮ ወዲያው ይለዩት ነበር።»

በክፋት አይደለም እንዲህ ያለኝ። በደብረ ማርቆስ ካህናት በተሰበሰቡበት ሁሉ ስለ አባቴ የሚነገር አንድ ወሬ አለ፤ ልጄም ሲሰማው ያደገ ነው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጆሯቸው ብቻ፣ የተጣራ መብራትን ካልተጣራ መብራት ለዩ ይባላል። ተራኪው ካህን ይህን ሲናገር ጣቱን ወደ ጆሮው ይጠቁማል፤ አድማጩም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በዚያ ቀን እዚያው ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከወንድሜ ከአለኸኝ ጋር ቆሜ ነበር። ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስምሎኝ ነበርና እስከ ቅርብ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ዛሬ አባቴም የሉ፣ አለኸኝም የለ። መሐላውም ከእነሱ ጋር የተቀበረ መሰለኝ።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ ነበር፤ ከኋላችን ደግሞ የተማሪዎቹ ጎጆዎች እንደ እንጉዳይ ፈልተው ይታያሉ። አባቴ ምሳ እየበሉ፣ ከሰው ጋር እያወሩ፣ አንዳንዴም ጋቢያቸውን ተከናንበው እያሸለቡ፣ ወዲያ ማዶ ጎጆ ውስጥ አንድ ተማሪ ዜማ ሲስት ይሰሙታል። ጉርሻው አፋቸው ውስጥ ቢሆን እንኳ አይጠብቁም። በመቋሚያቸው ግድግዳውን መታ ያደርጋሉ፤ ተማሪው ዝም ይላል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሳታትን ቦታ ያቃናል። እናቴ «እህል እንኳ በሰላም አይበሉም» እያለች ትነጫነጭ ነበር።

ከእንዲህ ያለ ጆሮ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በር አዘጋጋችን ያስታውቅብናል፤ ኮቴያችን ያስታውቅብናል። ትምህርት ቤት ተቀጥቼ የመጣሁ ቀን ገና ከአጥሩ ሳልገባ «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኛል። እኔ አንዳንዴ ይህ ጆሮ ያናድደኝ ነበር። አለኸኝ ግን ያመልከው ነበር ብል አልዋሸሁም። ሌላው ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ሲምል እሱ «አባባ ሰምተውታል» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

አለኸኝ ታላቄ ነው። አባቴ ድጓውን እንዲወርሳቸው ይመኙ ነበር፤ የእሱ ልብ ደግሞ ሽቦ ላይ ነበር። ባሕር ዳር ሄዶ የኤሌክትሪክ ሙያ ተማረና ተመለሰ። አባቴ አልከፋቸውም፤ ወይም ቢከፋቸውም አላሳዩትም። የሰፈሩን ሬዲዮና ቴፕ ሁሉ እኛው በረንዳ ላይ እየፈታ ይጠግን ጀመር። ዝናብ ሲያጉረመርም የፈታታውን ዕቃ በእናቴ ሰፌድ ሰብስቦ ወደ ቤት ይሮጣል። አንድ ቀን እናቴ ጤፍ ስታበጥር ሁለት ብሎን አገኘች፤ ከዚያ በኋላ ሰፌዷን ትራሷ ሥር ማሳደር ቀራት እንጂ ደብቃ አትችለውም ነበር። የአለኸኝ ምኞት አንዲት ክፍል ነበረች። በመንገድ ዳር፣ ጣሪያዋ የማያፈስ፣ መብራት የገባላት። ከዚያ በላይ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር እንደነበረ አላውቅም።

ክፍሏ አቶ ጥላዬ ግቢ ውስጥ ነበረች። አቶ ጥላዬ መንግሥት ተለውጦ ንግድ ሲፈታ ቶሎ ካበቡት የእህል ነጋዴዎች አንዱ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተክለው ነበር፤ ከወፍጮው ጎን መንገድ ዳር ያለች ባዶ ክፍል ነበረች። ለአለኸኝ «ክረምቱ ይውጣና ግባባት፤ የመሪጌታ ልጅ ከደጄ ቢሠራ ለእኔም ክብር ነው» አሉት። በዚያን ሰሞን ወንድሜ ፉጨት ያበዛ ነበር። አባቴ ፉጨት አይወዱም፤ ግን ዝም አሉት።

አቶ ጥላዬ ሌላም ውለታ ነበራቸው። ክረምት ለአብነት ተማሪ ክፉ ጊዜ ነው። የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ውሻው ይከፋል። ልጆቹ ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ቢሉም የሚያገኙት የገብስ ቁራሽ ከመንገዱ ድካም አይበልጥም። አቶ ጥላዬ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ለእነዚህ ልጆች እህል ይሰጡ ነበር። ይህን ዛሬም አልክድባቸውም። ለአባቴ ያ እህል ተማሪ መያዝና ተማሪ መበተን ማለት ነበር።

እኚህ ሰው ታዲያ የካሴት ማጫወቻ ዴክ ይወዱ ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ በዳንቴል ተሸፍኖ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደ ሙሽራ የሚገለጥ ትልቅ ዴክ ነበራቸው። ችግሩ ማንጎራጎሩ ነበር። መዝሙር ሲከፍቱበት ከዘማሪው ድምፅ ሥር ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ ያለ ነገር አብሮ ይሰማል። አዲስ አበባ የሚኖረው የሚስታቸው ወንድም ይህን ሰማና መብራት የሚያጣራ ሳጥን ነው ብሎ በአውቶቡስ ላከላቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ማጣሪያው» አለው።

ሳጥኑ የተሰካው በግንቦት ማርያም ዕለት ነበር። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ነው። አቶ ጥላዬ በወሩ በሃያ አንድ የማርያም ዕለት ወፍጮ አያስነሡም፤ ስለት አለባቸው። እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ሳጥኑ ተሰካ፣ ዴኩ ተከፈተ፣ ንቧ የለችም። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። እንግዳው ሁሉ ተደነቀ፤ አንዷ ሴትዮ እልል አለች ይባላል። በነጋታው ወፍጮው ሲነሣ ንቧ ተመልሳ መጣች። ይህን ጊዜ ግን አቶ ጥላዬ ካሴቱን ወቀሱ። ሌላ ካሴት ገዙ፤ እሱንም ወቀሱ። ሳጥኑን እንዳይጠረጥሩት በሰው ፊት አንዴ አመስግነውታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ አንድ የሥራ ቀን አለኸኝ የግቢውን አምፖል ሊያስተካክል ተጠርቶ ሄደ። ዴኩ ያንጎራጉራል፤ ወፍጮ አስፈጪዎች አህያቸውን አስረው ወረፋ ይጠብቃሉ። አቶ ጥላዬ ስለ ካሴት መጥፎነት ሲያማርሩ ወንድሜ ያችን ነገር ተናገረ። ሲናገር ደግሞ ለስለስ ማድረግ አያውቅበትም።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ካሴቱ ምን አደረገ? የሚያንጎራጉረው ወፍጮው ነው። የማርያም ለታ የጠራው ወፍጮው ስለቆመ እንጂ ሳጥኑ ስለተሰካ አይደለም። የወፍጮውን መስመር ለብቻው ላውጣልዎ፣ የመሬት ሽቦም ልቅበርልዎ፤ ያን ጊዜ ይጠራል። ይኸ ሳጥን መብራት ሲዋዥቅ ዴኩ እንዳይቃጠል ይጠብቅልዎ ይሆናል እንጂ ድምፅ አይጨምርም።»

አስፈጪዎቹ ሳቁ። ምናልባት በሌላ ነገር ነው የሳቁት፤ ግን ሳቁ። አቶ ጥላዬ በማግሥቱ ወደ አባቴ መጡና ከበረንዳው ሳይቀመጡ፣ «መሪጌታ፣ ልጅዎ በገዛ ደጄ አዋረደኝ» አሉ። አባቴ ደነገጡ፤ ይቅርታ ጠየቁ። አቶ ጥላዬም «ይቅርታ አልፈልግም፤ ፍርድ ነው የምፈልግ። የሰኔ ማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነው። ካለዎት ጆሮ የሚበልጥ በዚህ አገር የለምና በሰው ፊት ሰምተው ይፍረዱ» ብለው ሄዱ።

አለኸኝ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እንጨት ወደምሰነጥቅበት ቦታ መጥቶ ያሰበውን ነገረኝ። በማርያም ዕለት ወፍጮው ስለሚቆም ድምፁ በሳጥኑም ያለ ሳጥኑም አንድ ነው። ስለዚህ ያንኑ መዝሙር ሁለት ጊዜ ያጫውታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳጥኑን ሳይሰካ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ አንደኛው ጠራ፣ ሁለተኛው ጠራ እያለ ሲከራከር አባባ ብቻ «አንድ ነው» ይላሉ። ያኔ ያልተሰካውን ገመድ ከፍ አድርጎ ለሁሉም ያሳያል።

«ተሳስተው ቢለዩትስ?» አልሁት።

«ማን? አባባ?» አለኝና መጥረቢያውን ከእጄ ወስዶ እንጨቱን ራሱ ይሰነጥቅልኝ ጀመር።

የሰኔ ማርያም ዕለት ከጧት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። የጮቄ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ጨርሶ አይታይም። የሐዋርያት ጾም ነውና የአቶ ጥላዬ ቤት ሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ የገብስ ጠላና ትልልቅ ድፎ ዳቦ አሰናድቶ ነበር። የእርጥብ ጋቢ ሽታና የትኩስ ዳቦ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ተበላ ተጠጣ። ከዚያ አቶ ጥላዬ ተነሥተው ለተማሪዎቹ የዘንድሮውን እህል ማዘጋጀታቸውን ተናገሩ። ጆንያዎቹ ከሳሎኑ በር አጠገብ ተደርድረው ነበር። ለመሸከም የመጡት ተማሪዎች ደጅ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ደበሏቸው ውሃ እያንጠባጠበ ተጠጋግተው ቆመዋል። ካህናቱ መረቁ፤ አባቴም ረዘም አድርገው መረቁ።

«እንግዲህ ወደዚያች ጉዳያችን» አሉ አቶ ጥላዬ።

ዴኩና ሳጥኑ በመጋረጃ ተጋረዱ። እኔ መጋረጃውን እንድይዝ ከወንድሜ ጋር ገባሁ። የሳጥኑ ገመድ መሬት ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ አለኸኝ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ዴኩን ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ሰካው። መዝሙሩን አጫወተ፤ አቆመ፤ ወደ ኋላ መለሰ። ሶኬቱን ነክቶ ትንሽ አንኳኳ፤ ግን ምንም አልለወጠም። እንደገና አጫወተ። ሲጨርስ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

በመጋረጃው ስንጥቅ አባቴን አያቸው ነበር። አባቴ ስሕተት ሲሰሙ ግራ ቅንድባቸው ከፍ ይላል። ልዩነት ሲሰሙም እንዲሁ ነው። በሕይወቴ ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ያ ቅንድብ እንደ በር መቀርቀሪያ የታመነ ነው። በዚያ ቀን አልተነሣም። ዓይናቸውን ገለጡ። ያዩት ግን ወደ እኛ አልነበረም፤ ወደ በሩ ነው። ጆንያዎቹን አዩ፤ ከክዳኑ ሥር የቆሙትን ልጆች አዩ። አቶ ጥላዬ ከጎናቸው፣ ጠላቸውን ይዘው፣ አፋቸውን አፋቸውን ያዩዋቸዋል።

«ሁለተኛው» አሉ አባቴ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለተኛው ጠራ ያለ ነው።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። «እኔም ሰምቻለሁ»፣ «ለእኔማ እንደ ቀንና ሌሊት ነው የተለየኝ» የማይል አልነበረም። አቶ ጥላዬ እጃቸውን አንሥተው ሰውን ዝም አሰኙና ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«አለኸኝ፣ ሁለተኛው ላይ ማጣሪያው ነበረበት፣ ወይስ አልነበረበትም?»

ወንድሜ ገመዱን ከመሬት አንሥቶ ነበር። ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ያሰበው ያ ገመድ ጫፉ እጁ ላይ ነው። መጋረጃውን ገልጦ ቢወጣ ነገሩ አለቀ። ክፍሏም የእሱ ነች፤ እውነቱም የእሱ ነው። ፊቱን አየሁት። መጀመሪያ ያልገባው ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ገባው። ገመዱን ቀስ ብሎ እጁ ላይ እየጠመጠመ፣ «አዎ፣ ነበረበት» አለ።

«እንግዲህ የወለዱህ አባትህ መሰከሩብህ» አሉ አቶ ጥላዬ። ሰው ሳቀ። አንድ ቄስ ሽቦ ባሕር ዳር ይገኛል፣ ጆሮ ግን ከድጓ ቤት እንጂ ከሌላ አይገኝም ብለው ቀለዱ። አባቴ አልሳቁም። ከዚያ በኋላ የቀረበላቸውን ጠላም አልነኩትም።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ተማሪዎቹ ጆንያውን ተሸክመው እየተሳሳቁ ከፊት ይሄዳሉ። አባቴ በመቋሚያቸው ጭቃውን እየፈተሹ ይራመዳሉ፤ አለኸኝ ከጎናቸው፣ እኔ የማኅበሩን ዳቦ በነጠላዬ ቋጥሬ ከኋላቸው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆሙ።

«አለኸኝ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ማርያም በዕለቷ ትፍረድብህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሁለተኛው ላይ ያ ነገር ነበረ?»

አባቴ ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸው የመምህር ድምፅ አልነበረም። ልጅ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። የሰሙት ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ አወቅሁ። በዘፈቀደ ተናግረው፣ የተናገሩት እውነት ሆኖ እንዲገኝላቸው እየለመኑ ነበር። አለኸኝም አውቋል።

«ነበረ፣ አባባ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ። ያ እፎይታ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ግን እሱ ነው። ምክንያቱም ከእፎይታው ቀጥሎ ቁጣ መጣ።

«እንግዲያውስ የሰውየውን ዕቃ ስለምን አቃለልህ? የሥራ ቦታ እሰጥሃለሁ ያለህን ሰው፣ ለእነዚህ ልጆች የሚደርስላቸውን ሰው፣ ስለምን በደጁ ሐሰተኛ አደረግኸው? ይኸ እውቀት አይደለም፤ ቅናት ነው። የእኔ ልጅ ይቀናል፣ የእኔ ልጅ ይዋሻል ብዬ አላስብም ነበር። ሂድና ለንስሐ አባትህ ንገር።»

«እሺ፣ አባባ» አለ አለኸኝ።

እኔ አፌን ስከፍት ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት ልገልጸው አልችልም፤ አፌን ግን ዘጋው።

ቤት ስንደርስ በረንዳው ላይ ያዝሁት። አልቅሼ ለምን ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ክፍሏ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ሁሉም። እሱ የጭቃ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ምን ልበላቸው፣ እናኑ? በተማሪዎቻቸው ፊት የሌለ ነገር ሰሙ ልበላቸው? ከዚያ በኋላ የማንን ዜማ ያቃናሉ? በየትኛው አፋቸው መለስ በል ይላሉ?»

ከዚያ አስማለኝ።

አቶ ጥላዬ ክፍሏን ጆንያ አስገቡባት። በክፉ ቃል አልነበረም፤ «የደንበኛን ዕቃ የሚያጣጥል ልጅ ደጄ ላይ አያዋጣኝም» ብለው ላኩ። አባቴ «ልክ ናቸው» አሉ። መስከረም ሳይጠባ አለኸኝ መፍቻዎቹን በአሮጌ ሻንጣ ከትቶ ሄደ። እስከ ሉማሜ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም መንገድ ዳር ሻይ ቤት ገብተን ሻይና አምባሻ አዘዝን። ዝንብ ከአምባሻው ላይ እያባረረ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ያወራኝ ነበር፤ እኔ አንዱም አልገባኝም። ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ግማሹን አምባሻ ለእኔ ትቶ ተነሣ። ወላይታ ሶዶ ገባ። የቴፕና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆነ፤ እዚያው አገባ፤ እዚያው ወለደ።

እህሉማ ያን ክረምት ተበላ። በሚቀጥለው ዓመት አቶ ጥላዬ ንግዳቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ዴኩንም ሳጥኑንም ይዘው ሄዱ። ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንግተው ወደ ጭቃው ተመለሱ፤ ግማሾቹም ወደ ዲማና ወደ ደብረ ወርቅ ተበተኑ። የአባቴ ቃል የገዛው የአንድ ክረምት ሽሮና እንጀራ ነበር። ልጆቹ በልተውበታልና ከንቱ ነበር አልልም። ነገር ግን የተከፈለው ወንድሜ ነው።

አለኸኝ ሰላምታ በላከ ቁጥር አባቴ ጤንነቱን ከጠየቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ነገር ለንስሐ አባቱ ነገረ?» ይሉኛል። «ነግሯል፣ አባባ» እላለሁ። በሌላ ጊዜም ይጠይቁኛል። ጨክነው አልነበረም፤ ስለ ልጃቸው ነፍስ ይጨነቁ ነበር። እስከ ሞቱ ድረስ አንድ ዋሾ ልጅ እንዳላቸው አምነው ኖሩ። ለእሱ ከሌላው ልጅ ይልቅ አብዝተው ይጸልዩለት ነበር፤ ይህም ራሱ ያቃጥለኛል።

በአባቴ ተዝካር ላይ አለኸኝ መጣ። ድንኳን ውስጥ ነጠላውን አደግድጎ ለካህናቱ ወጥ ያወጣ ነበር። አቶ ጥላዬም አርጅተው፣ በሰው ተደግፈው ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። በመሀል ያን ወሬ እሳቸው ራሳቸው አነሡት። የሰኔ ማርያምን፣ መጋረጃውን፣ «ሁለተኛው ጠራ ያለ ነው» ያሉትን። «እንዲህ ያለ ጆሮ ዳግመኛ በዚህ አገር አይፈጠርም» ብለው አለቀሱ፤ ዕንባቸው የእውነት ነበር። ከዚያ አለኸኝን አዩትና፣ «ይኸውልህ፣ አንተ እንኳ ያን ጊዜ በከንቱ ተከራክረኸኝ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ወጥ ጨመረላቸው። በሁለተኛው ቀን ወደ ሶዶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ደብረ ማርቆስን አልረገጠም። አምና እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ቀብሩ ላይ ከእኛ አገር የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማለሁ። ንጋቱስ ይጠራል። እውነት ግን የሚጠራው ሰው እንዲጠራ ሲፈልገው ብቻ ይመስለኛል። እኛ የምንፈልገው ታላቅ ጆሮ የነበረው መሪጌታ ነው፤ የሚያስመካ ወሬ ነው፤ ማንም የማያፍርበት ማኅበር ነው። ለዚህ ሲባል አንድ ሰው ዋሾ ሆኖ አገሩን ቢለቅ ይሉኝታችን ይህን ዕዳ አይቆጥረውም። አባቴን እወዳቸዋለሁ። በዚያች አንዲት ቃላቸው ግን እስካሁን አልታረቅኋቸውም፤ ወንድሜም ያን ቃል እንደ ቅርስ ሸፍኖ ስለያዘላቸው እሱንም አኩርፌዋለሁ። ሁለቱም የማይሰሙኝ ዛሬ ነው ይህን የምለው።

ዮናስ «አያቴ ቢኖሩ ኖሮ» ያለኝ ቀን መዝሙሩን እንዲያጠፋ ነገርሁትና አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ሁሉ ተረክሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርሁ። ሳያቋርጥ አዳመጠኝ።

«ታዲያ አያቴ አልሰሙም ነበር ማለት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አልሰሙም።»

ፊቱ ጠቆረ። አንድ ነገር እንደተሰበረበት ሕፃን ሆነብኝ። ትንሽ አስቦ፣ «ለሰው ባትነግሪው ይሻላል፣ እማዬ» አለኝ።

ስለ አጎቱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ወንድሜን ላነሣ ብዬ የተናገርሁት ነገር አባቴን ጣለብኝ፤ ወንድሜም ከወደቀበት አልተነሣም።